ውል

በቺሎዌ ደሴት «ዘነበ» አይባልም፤
ያልዘነበ ዕለት ነው ወሬ የሚሆነው፣ እሱም ብዙ አይገኝም።
መጋቢት ሲገባ፣ ትምህርት ሲጀመር፣
ስሜን አየሁት ግድግዳው ላይ፣ በቀይ ተሰምሮ ከሥር።
የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሁሉ አንዳንድ ታናሽ ይዟል፤
ከእኔ ስም ጎን፣ «ሊሳንድሮ ሚያሎንኮ፣ ሰባት ዓመቱ» ይላል።

መምህርት ኦሪያና አስፈረመችን ውል፣
«አልቆጣም፣ አልቀርም፣ አላሾፍም» የሚል።
ፈረምኩ።
ምን እንደማውቅ ግን ማንም አልጠየቀኝ፣
ክፍል የደገምኩትን ልጅ፣ ክፍልፋይ ያስለቀሰኝ።
አባቴ ሳቀ እንጂ፣ መረቡን ሲጠግን፤
«ዕውር ዕውርን ቢመራ...» አለና፣ አይቶ ፊቴን፣
ገደሉን ዋጠው። ተረቱን ሳይጨርስ መርፌውን አነሣ፤
እኔም ወደ ጀልባው ወረድኩ፣
መምህርቷ የሰጠችን ወረቀት በኪሴ፣ እርጥብ እንደ ዓሣ።

አንደኛ፦ «ዛሬ ምን ይሰማሃል?» ይላል።
ጠየቅኩት፣ ከጀልባው ኋላ፣ ናፍጣ እየሸተተን፤
ሊሳንድሮ ጫማውን አየ።
እኔም ጫማውን አየሁ። ሞተሩ ብቻ አወራ በመካከላችን።
ሁለተኛ፦ «ምን ትወዳለህ?» ጫማ።
ሦስተኛ፦ «ምን ያስፈራሃል?» ጫማ።
ሳምንቱን ሙሉ እሱም ወደ ታች፣ እኔም ወደ ታች፣
ሳንቲም እንደወደቀባቸው ባልቴቶች።

በስምንተኛው ቀን የጫማው ማሰሪያ ተፈታ።
አወይ ደስታ!
ይህንንስ አውቃለሁ!
ተንበርክኬ አሰርኩለት መልሕቅ በሚታሰርበት፣
ማዕበል ሲጎትተው ይብሱን በሚጠብቅበት።
እግሩን አነሣ፣ ጣለ፤
በከንፈሩ ዳር አንድ ነገር ብልጭ አለ።

ማታ እናቱ ደወለች፦ «ልጄ ከነጫማው ሊተኛ ነው!
ኧረ ውሉ የት ነው?
በጥርስ ሞከርን፣ በሹካም፣
አይፈታም።»
በማግስቱ ሌላ ማሰሪያ ነበረው፣ ሰማያዊ፣ ከመረብ የተቆረጠ፤
«በቢላ!» አለኝ። የመጀመሪያ ቃሉ፣ ከሳቅ ጋር ያመለጠ።

ከዚያ ወዲያ ያች ወረቀት የት እንደገባች አላውቅም፤
አልፈለግኳትም።
በገመድ ቁራጭ አነበብን፦ «ኤስ» ያልጠበቀ ቋጠሮ፣
«ኦ» ቀለበት፣ «ሲ» ደግሞ የተከፈተ ጆሮ።
አንዳንድ ቀን ይሰለቸኝ ነበር፣ አልዋሽም።
አንድ ቀን ተደብቄበታለሁ፤ እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።

ሰኔ ላይ፣ ብርዱ ሲከር፣ ክፍልፋይ እንደገና ጣለኝ፤
ከሰባት ሁለት።
ሁለት ሰባተኛ፦ ያችን ክፍልፋይ ብቻ ያለ ረዳት ገባኝ።
ከጀልባ መጠገኛው ጀርባ፣ ሬንጅ በሚሸትበት ጨለማ ገባሁ፣
ለማንም ታላቅ አልሆንም አልኩ፣ ጉልበቴን አቀፍሁ።

በሩ ሲጥጥ አለ።
ሊሳንድሮ። ተቀመጠ አጠገቤ፣ አንድ ክንድ ያህል ርቆ፣
ከኪሱ ወረቀት አወጣ፣ አራት ቦታ የታጠፈ፣ ርሶ የደረቀ፣ እንደገና ርሶ ደርቆ።
ፊደል በፊደል፣ በጣቱ እየተከተለ፦
«አን... ደኛ። ዛሬ... ምን... ይሰማሃል?»
አለ፣
ድምፁ እንደ ያኔው ድምፄ፣ ራሱን የማያምን።

ብዙ መልስ ነበረኝ።
ጫማዬን አየሁ።
እሱም ጫማዬን አየ። ዝናቡ አወራ በቆርቆሮው ላይ።
ከዚያ ጎንበስ ብሎ ማሰሪያዬን ያዘ፣ ምላሱን ነክሶ፣
አንዴ አዙሮ፣ ሁለቴ አሾልኮ፣ በሁለት እጁ ስቦ፦
«አይፈታም» አለኝ በኩራት።
ትንሽ አሰበና፦ «ቢላ ግን እኛ ቤት አለ።»

የጀልባው ጥሩምባ ጮኸ፤ ሮጥን።
እስከ መስከረም ድረስ ያን ጫማ
እንደታሰረ አወለቅሁት፣ እንደታሰረ አጠለቅሁት።