ፈርሚልኝ

ደርባን ነው ከተማው፣ ጄኮብስ ነው መንደሩ፣
ጣሳ ነው ሥራችን፣ ክዳኑ ከነዳሩ።
እኔ ግን ከፎቅ ላይ ጣሳ አልመታም ዛሬ፣
ሰው ነው የምቆጥረው ከወረቀት ክምሬ።
ስንት ሰው ሰለጠነ? ስንት ሰዓት ቆየ?
ስንት ራንድ ወጣ? ለውጡስ የት ታየ?
ብሎ የሚጠይቅ ቅጽ አለ በያመቱ፣
ሚያዝያ ሲያልቅ ያልቃል የርሱም ትዕግሥቱ።
«ቁጥር» ይላል ፔሩማል፣ የበላይ አለቃ፣
«ቁጥሩ ከሞላልን ሌላው ሁሉ በቃ።»

ያን ዕለት አመሻሽ፣ ዝናብ ከባሕር መጥቶ
ቆርቆሮ ሲደልቅ፣ የቀኑ ፈረቃ ወጥቶ፣
የሃያ ዓመት መዝገብ ዘርግቼ ከወለል፣
ስም ከስም ሳመሳክር፣ ቀን ከቀን ሳስተካክል፣
አንድ ስም አየሁኝ፦ ምድሉሊ፣ መስመር አራት፣
ሁላችን «ባባ» የምንላቸው፣ የማሽኑ አባት፣
ማሽኑ ገና ሲያስል፣ ሳይጥለው በሽታ፣
በጆሮ የሚለዩ የቱ ብሎን እንደተፈታ።

ሥልጠና ቀርተው አያውቁም። እሳት ማጥፊያ ወስደዋል፣
የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ አነባበብ ሁለት ጊዜ ተምረዋል፣
አሥራ ሰባት ሰርተፊኬት በስማቸው ተሰጥቷል።
ፊርማቸው ግን፣ ፊርማቸው
አንድም ጊዜ አንድ አይደለ፦
አንዱ ጋ ወደ ግራ እንደ ሰካራም ያዘነበለ፣
አንዱ ጋ ክብ፣ አንዱ ጋ ሹል፣ መጨረሻው ላይ ጭራ ያለ፣
አንዱ ከዓምዱ ወጥቶ የጎረቤት ስም የጣለ።

ማጭበርበር ነው ብዬ ቀይ እስክሪብቶ ፈለግሁ፤
ሹሏን ፊርማ ሳያት ግን እጄን ሰበሰብሁ።
የዛነሌ ነች! ዛሬ ጥራት የምትመራ።
ክቧም የኩሜሽ ናት፤ የራሱን ጋራዥ የሠራ።
ያዘነበለው የላንጋ፣ በግራ እጁ የሚሠራ።
ሁሉም አንድ ወቅት ከባባ ሥር ቆመው
ክዳን ማጠፍ የተማሩ፣ ጣታቸውን አትርፈው።

ከሥር ያለው ወረቀት ጠርዙ በብል ተበልቷል።
የስሙ መነሻ ፊደል እንደ ሁለት ተራራ ተስሏል፣
ባንደኛው ተራራ አናት ነጥብ ተቀምጦበታል።
እንዲህ የሚጽፍ ሰው በዚህ ከተማ አንድ ነው፤
የራሴው ነው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ። ሦስተኛ ሳምንቴ። ጓንቴ ሰፊ።
ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ሲመጣ በተርታ፣
«እጄ ቅባት ነው ልጄ፣ ፈርሚልኝ» አሉ በእርጋታ።
ፈረምኩ። እጃቸውን አላየሁ። ቅባት ይኑር አይኑር፣
ረኀብ ላይ ያለ ልጅ የሰው እጅ አይመረምር።

ብረት ማንበብ አስተማሩን፣ ሙቀቱን፣ ጩኸቱን፣ ዝገቱን፤
እኛ ደግሞ በምላሹ ጻፍንላቸው ስማቸውን፤
ረዳናቸው ብለን ቆለፍንባቸው በሩን።

ቅጹ ለዚህ ዓምድ የለውም፤ ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ።
ጨርቅ ይዤ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ደረጃውን ወረድሁ።
ባባ የሌሊት ተረኛ ናቸው፤ ማሽኑን ያደምጣሉ፣ እንዳጎነበሱ።
«እጅዎን ይጥረጉ» አልኩ። ቀና አሉ። መልስም አልመለሱ።
መንጋጋቸው ሲነቃነቅ፣
አፍሬ ልመለስ ስል፣ ሲከብደኝ ያ ጨርቅ፣
ተቀበሉኝ። ጣት በጣት፣ ጥፍር በጥፍር ጠረጉ፤
ከዚያም፣ ሳይበላሽ ዘግተውት የማያውቁትን ማሽን ዘጉ።

ነገ ፔሩማል ይጮኻል። የስንት ደቂቃ ጣሳ!

እስክሪብቶውን እንደ ብሎን መፍቻ በጡጫ ጨብጠው፣
የፊርማውን ባዶ ዓምድ በጸዳ ጣት ለክተው፣
«የኔ ስም» አሉኝ፣ «ከየትኛው ጫፍ ነው የሚጀመረው?»