በቀላሉ

ብርኖ ላይ ወንዝ አለ፣ ስቭራትካ የሚሉት፤
ሲሞላ የሚጮህ ፕሮግራም ሠራሁለት።
ሦስት ክረምት ፈጀብኝ፤ ሲያልቅ ግን አልሸጥሁት፣
"የፈለገ ይውሰድ" ብዬ፣ ኮዱን እንዳለ ክፍት፣
እንደ ዝክር ዳቦ ከደጃፍ አኖርሁት።
መመሪያውን ብቻ በአንድ መስመር ቋጨሁት፤
እራቴ እየቀዘቀዘ፣ ቆሜ ነው የጻፍሁት፦

      አውርዱ፤ ገንቡ፤ ከዚያም በቀላሉ አስነሡ።

"የሚያውቅ ያውቀዋል" ብዬ ተኛሁ።

በመጋቢት፣ በረዶው ከኮረብታው መቅለጥ ሲጀምር፣
በሬን አንኳኳ የታችኛው ቤት ሊቦር፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ትራም ሲያሽከረክር
ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ክላሪኔት ጠጋኝ፣
ምድር ቤቱን ጎርፍ ሁለቴ የጎበኘበት፤
ላፕቶፑን እንደ ታመመ ድመት አቅፎ
"እምቢ አለኝ" አለኝ።

ልቀበለው እጄን ዘረጋሁ፤ የሁለት ደቂቃ ሥራ።
"ተይ" አለ፤ "ልጄም እንዲህ ነው፤ መጥቶ ይሠራዋል፣
ሲሄድ ግን ማወቁንም አብሮ ይዞት ይሄዳል።
ቁጭ በይና እዪኝ። ዝም ብለሽ።"

ዝም ማለት እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር።

ጥቁሩ መስኮት ተከፈተ፤ ጠቋሚው ብልጭ ድርግም ይላል፣
ሊቦር ባንድ ጣቱ ፊደል ከፊደል ይለቅማል።
አውርዱ ይላል፤ አወረደ።
ገንቡ ይላል፤ ቀና ብሎ አየኝ፤ "በምን?"
ቀይ ጽሑፍ ተንዠቀዠቀ፣ አርባ መስመር፣
እናት ለልጇ ተናግራው የማታውቀው ቋንቋ።

ያን ጊዜ ነው ያልጻፍሁት ሁሉ የታየኝ፦
መገንቢያው መሣሪያ ቀድሞ መጫን እንዳለበት፣
ስሪቱ ከዘጠኝ ካነሰ ነገሩ ሁሉ እንደሚከሽፍበት፣
የወንዙ መለኪያ ቁጥር የት ፋይል፣ ስንተኛው ተራ እንደሚገባ።
እጄ ያውቀዋል ይህን፤ ለብዕሬ ግን አልነገራትም።

ሊቦር መነጽሩን አውልቆ በሹራቡ ጠረገ፣
ጣቱን አንዲት ቃል ላይ፣ በቀላሉ ላይ አሳረፈ።
"ይህች፣ ለማን ነው የቀለለችው?"

መልስ አልነበረኝም።

"እኛ ዘንድ አዲስ ሹፌር ሲመጣ
መንገዱ ተጽፎ ይሰጠዋል፦
ከዳቦ ቤቱ ቀጥሎ ቁልቁለት አለ፣ ፍሬን ቀድመህ ያዝ፤
በጥቅምት ቅጠል ሲረግፍ ሐዲዱ ያዳልጣል።
ልብ በዪ፤ ይህ ሁሉ ሐዲድ ላይ ለሚሄድ ሰው ነው!"

በዚያች ሌሊት መብራቴ አልጠፋም።
አባቴ የቅኔ ሰው ነበር፤ ወርቁን ከሰሙ ሥር ሲቀብር
ማንም አይደርስበትም፤ እኔም ያንን ጥበብ ስመኝ ኖርሁ።
ይህ ግን የተገላቢጦሽ ሙያ ነው፤
ወርቁ ፊት ይቁም፣ ሰሙ ይቅር፣
አንድ ቃል ከአንድ ፍቺ ጋር ብቻ ይደር።
"በሬ ለሁሉ ክፍት ነው" እል ነበር፤
እውነት ነው፣ ክፍት ነበር፤
ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ያለ ደረጃ።

አሮጌ ኮምፒውተር ባዶ እስኪሆን አጠብሁ፣
የገዛ ቃሌን ይዤ እንደ ባዕድ ገባሁበት።
አምስተኛው ተራ ላይ ወደቅሁ።
ጻፍሁ። አጠብሁ። ሰባተኛው ላይ ወደቅሁ።
"ማን ነው ይህን የጻፈው?" ብዬ ተቆጣሁ፣
ከእኔ በቀር ሰው በሌለበት ቤት።

ቅዳሜ ሊቦር እንደገና ተቀመጠ፤ እኔም ዝም።
ቀይ አልመጣም። ከአሥራ አንደኛው ተራ በኋላ
ጥቁሩ መስኮት እንዲህ አለ፦
      ስቭራትካ፣ 118 ሴንቲ ሜትር፣ እየጨመረ።
እሱ ምንም አልተናገረም፤
ክላሪኔቶቹን ወደ ላይኛው መደርደሪያ ሊያወጣ ወረደ።

ማታ አንድ እርማት ላከልኝ፣ የመጀመሪያው፣
ከተራ ቁጥር አንድ በላይ እንዲገባ፦
      0. መነጽርህን ጥረግ።
ተቀበልሁት።
ከዚያ ወዲህ ስንት ሰው ያንን ፋይል አረመው፤
ዜሮን ግን የነካት የለም።