የተበየደ ጥርስ

ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ፣ አንድ ግድግዳ ቀርቶ ቆሞ፣
ቴላዮው እዚያው ነበር፣ ሁለት ሚስማር ላይ ተጋድሞ።
ድሮ ቀይ ነበር መሰለኝ፤ ዛሬ ዝገት ነው ቀለሙ።
እትዬ ወለላ "ውሰጂው" አሉ፣ "ይቅለለኝ ሸክሙ።
የልጄ ነው።" ልጁ የት እንዳለ አልጨመሩም።
እኔም አልጠየቅሁም፤
መኪናው ይጠብቃቸዋል፤ ፍራሹ፣ ቁም ሳጥኑ፣ ድመቷም
ተጭነዋል።

በፖስታ ቤት ደመወዝ ቸርኬ አይገዛም በአንዴ፤
ሦስት ወር ሙሉ ቅዳሜ፣ ምናለሽ ተራ መሄዴ፣
ጭቃ ላይ ቁጢጥ ብዬ፣ ብረት ከብረት መለየቴ፣
ያንዱን ጥርስ፣ የሌላውን ጥርስ፣ መቁጠሬ በጣቴ።
የፊቱ ቸርኬ ከአንዱ ክምር፣ የኋላው ከሌላው መንደር፤
ጎማው ባለ ጥፍር ነው፣ ጭቃ ነክሶ የሚሻገር፤
መሪው እንደ በግ ቀንድ፣ ወደ ታች የተጠቀለለ፤
አዲሱ ኮርቻው ብቻ፣ እሱም የእህቴ ብድር፣ እስካሁን ያልተከፈለ።

ሽኩር የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለው፦
"ይህን ጥርስ ሞዞው ላይ፣ ለዘላለም ልበይደው?
እግርሽን ጥሎ እንዳይዞር? ቁልቁለቱን ማን ይወርደው?
ሰው እግሩን ሊያሳርፍ ነው፣ ብስክሌት የሚገዛ፤
አንቺ ግን ጌታ አመጣሽ፣ ተገዝቶ የሚገዛ።
ሲደክምሽስ? ማረፊያሽ የት ነው?"
"የፊቱን ፍሬን አትንካው" አልኩት፣ "ለእናቴ ስትል።"
ሳቀ። መነጽሩን አወረደ።
ሰማያዊ ብልጭታ፣
የተቃጠለ ግራሶ ሽታ፣
ከዚያ አንድ ባልዲ ውሃ፣ ጭሽሽ፣
ከዚያ ጸጥታ።

ካቴናውን ስወጥር፣ አንድ ድምፅ እንደጠፋ ገባኝ፤
ያ የኋላ ጎማ ወሬ፣ እግር ሲቆም ጠጠጠጠ የሚለው።
ይህኛው ሐሜት አያውቅም።
ዝም ካልኩ ዝም ይላል፤
ወደ ኋላ ብረግጥ፣ ወደ ኋላ ይመጣል።

የመጀመሪያው ንጋት ለገሃር፤ ጣቢያው ፊት አስፋልቱ ባዶ፣
አንድ ጥበቃ፣ ሁለት ውሻ፣ የቆመ ሚኒባስ ማዶ።
ፍጥነት ሲመጣ እግሬን፣ እንደ ልማዴ ላሳርፍ፣
ፔዳሉ አሻፈረኝ አለ፤ ወረወረኝ እንደ ጅራፍ።
ጥበቃው ከወንበሩ ሳይነሣ፣ "እንቁላልም'ኮ ቀስ በቀስ ነው" አለኝ፣
"በእግሩ የሄደው። ያንቺ እግር ግን፣ ካንቺ ቀደመ መሰለኝ።"

ሁለተኛ ሳምንት። ጉልበቴ ላይ ሁለት ቅርፊት።
ለመሄድ መርገጥ ወደ ፊት፣ ለመቆም መታገል ወደ ኋላ፤
መቆም ለካ ሥራ ነው፤ ጭን ነው የሚበላ።
ይህን ማንም አልነገረኝ፣ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ፤
ቆመው የማያቸው ሁሉ፣ ያረፉ ነበር የሚመስሉ።

ሐምሌ። ራስ መኮንን ድልድይ ሥር፣ ወንዙ ደፍርሶ ሲያጓራ፣
ጎማዬ ጭቃውን ነከሰ፤ ጭቃውም ጎማዬን፣ በተራ።
ወረድኩ። ቴላዮውን በትከሻ፣ ደረጃ ደረጃውን ሽቅብ።
አንዲት ሶፍት ሻጭ አየችኝ፤ "እትዬ፣ የተራ ነው?" አለች፣
"እሱም ይጋልባል?" ሶፍት ሰጠችኝ፤ ብሩን ግን አልተወች።

ትናንት ከማዘጋጃ ቤት፣ ቸርችልን ቁልቁል ወረድኩ።
የእትዬ ወለላ ግድግዳ የነበረበት ሣር ለብሷል፤
በቀጭን ቱቦ ይጠጣል። ላየው ዞር ማለት አልቻልኩ፤
እግሬ የስፌት መኪና ሆኗል።
ታገልኩ፣ ታገልኩ፣ ቀዘቀዝኩ። ፖስታ ቤቱ ጋ መብራቱ ቀይ።
መሬት ላለመንካት መሪዬን አጣመምኩ፤ ዐይኔ ቁጥሩ ላይ፤
ሠላሳ አንድ። ጥቂት ወደ ፊት።
ሠላሳ። ጥቂት ወደ ኋላ።
ሃያ ዘጠኝ። አውቶቡሱ፣ ትራፊኩ፣ ሎተሪ አዟሪው፣
ሁሉም በሁለት ጎማ ላይ፣ ከኔ ጋር ይወላወላል።
ይኸው ሽኩር፣ ማረፊያዬ፦
በሃያ ስድስትና በሃያ አምስት መካከል።

ሃያ አራት ላይ ወደቅሁ።
አንድ እግሬ ውሃ ባቆረ ጉድጓድ ውስጥ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት።
ከጎኔ የሚኒባሱ ረዳት፣ ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ፦
"ወራጅ አለ!"