ሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ

መንደራ በር ላይ ነው የውርርድ ቤታችን፣
ጎማ ጠጋኝ በግራ፣ ልብስ ሰፊ በቀኛችን፤
ከፍርግርጉ ኋላ ትኬት እቆርጣለሁ፣
የጅማን ሽንፈት ሁሉ በብር ቆጥሬ አውቃለሁ።

ልጆቹ ሲመጡ የትልቁን አገር ትልቁን ይላሉ፣
ይምላሉ፣ ይረግማሉ፣ ትኬት ቀደው ይጥላሉ።
ጋሽ ጣሃ ግን መጋቢት ላይ፣ ዝናቡን ከካፖርቱ አራግፎ፣
አሥር ብሩን በማይታጠፉ ሁለት ጣቶቹ ደግፎ፣
«ማንም የማያውቀው አገር የለሽም ወይ?» አለኝ፤
ከዝርዝሩ ግርጌ «ፋሮ» ብዬ አነበብኩለት፣ ሳቀልኝ።

ደሴቶች ናቸው አሉ፣ በግ ከሰው የሚበዛባቸው፣
ኳሷን ነፋስ ከወሰዳት ጀልባ የሚያመጣላቸው፤
አጥቂው አናጢ ነው፣ አማካዩ ዓሣ አስጋሪ፣
ዳኛው ሰኞ ጠዋት የሒሳብ አስተማሪ።
አሥር ቡድን አላቸው። የመጨረሻው ስም
እሱም እኔም ብንታገል ምላሳችን አልቻለም፤
«አሥረኛው» ብለን ተውነው።

«አቻ» ይላል ጋሽ ጣሃ። በየሳምንቱ። አሥር ብር። አቻ።
ለማሸነፍ አይደለም። ላለመሸነፍ ብቻ።

ጨዋታው አይታይም። ሥዕል የለም፤ ቁጥር ነው፣
እሱ ግን ሰው እንዳለበት አፍጥጦ ነው የሚያየው።
ሚያዝያ፣ ዜሮ ለአራት። ግንቦት፣ አንድ ለአምስት።
ሰኔ፣ አዌቱ ሞልቶ፣ ሁለት ለባዶ እየተመሩ ሳሉ፣
መብራት ሄደ፤ ጋሽ ጣሃ በጨለማ ቆመ ሰዓት ሙሉ።
«ምን ትጠብቃለህ?» ብለው፣
«እነሱ እየተጫወቱ ነው።»

ነሐሴ መጨረሻ ወንድሙን ሊቀብር ጅሬን ወጣ፤
በዚያች ቀን፣ በዚያች ብቻ፣ ሁለት ለሁለት መጣ።
ትኬት አልቆረጥኩለትም። እንደምንም አፍሬ ነገርኩት፣
(ሰባ ብር ይሆን ነበር፣ ሌሊቱን ደጋግሜ አሰብኩት።)
«ታዲያ ነጥብ አገኙ!» አለና ፊቱ በራ፣
ሄደ፣ ስለ ሰባው ብር አንድም ቃል ሳያወራ።

ጥቅምት። የመጨረሻው ቀን። ስድስት ለባዶ ነበር፣
ልጆቹ ጀርባ ሰጥተው በሌላው ስክሪን ግርግር፤
ሰማንያ ስምንት ላይ አንዲት መስመር ወጣች፣
«ወጪ ቁጥር አንድ፣ ገቢ ሃያ ሁለት» አለች።
በረኛው ነው።
«አርባ አንድ ዓመቱ» አልኩት፣ «ተተኪው አሥራ ሰባት።»
ጋሽ ጣሃ ኮፍያውን አወለቀ፣ ቆመ ከቁጥሩ ፊት ለፊት፣
ያጨበጭብ ጀመር፤
ሁለቱ ጣቶቹ እንደ እንጨት ይላተሙ ነበር።
ልጆቹ ዞረው ሳቁ። «በላህ እንዴ?» አለው አንዱ።

«ነቀምት ላይ» አለ፣ «በሰባ ሁለት፣ ስምንት ሲቆጠርብኝ፣
እስከ ፊሽካው ድረስ ማንም አልቀየረኝ።»

ወረዱ። በጋው አልፎ መጋቢት ጥላውን ይዞ መጣ፤
ጋሽ ጣሃ አሥር ብሩን ከደረት ኪሱ አወጣ።
«አሥረኛውስ?»
«ወርዷል እኮ። የታችኛው ሊግ እኛ ጋ አይመጣም።»
ዝም አለ። የውጪውን ዝናብ አየ፤ አልሄደም።
«ይጫወታሉ ግን?» አለኝ። «ይጫወታሉ» አልኩት።
ብሩን በፍርግርጉ ሥር ገፋልኝ፤ መለስኩለት፤ ገፋልኝ፤ ተውኩት።

ማታ ሒሳብ ስዘጋ አሥር ብር ትተርፋለች፤
«የምን ናት?» ይላል አለቃዬ።
እዚያ ታች ዝናብ ይሆን? ኳሷስ ባሕር ገብታ ወጣች?