የቀረው ካሴት

ጉሙ በበሩ ስንጥቅ አብሮን ይገባል፣
ሳይከፍል፣ ፊተኛው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል።
እኛ ሃምሳ ሳንቲም፣ ጉልበት ለጉልበት፣
ደብረ ሲና፣ የወርቅአፈራሁ ቪዲዮ ቤት።

ጃፓንኛ አይሰማም፤ ግን ይተረጉማል፦
«ልጁ የብረቱ ደረት ውስጥ ገባ፤
አሁን እናቱን ነው የሚጣራው» ይላል።
የሚሳይል ስም ይሆናል፤ እኛን ግን ያዘን እንባ።

ሃያ አምስተኛው ክፍል ላይ ብረቱ ተንበረከከ፣
ግራ ክንዱ የለ፤
የመጨረሻው ካሴት ከሸዋ ሮቢት እየመጣ ነው ተባለ።
አልመጣም።

ወርቅአፈራሁ ግን ባዶውን ቲቪ ከፈተ፣
ነጭ ነጥብ በሚርመሰመስበት፣ በዱላው እያመለከተ፦
«ልጁ ወረደ። ርቦታል። በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ።
ብረቱም ብቻውን ተነሳ፣ ማንም ሳይነዳው ተራመደ።»

ዛሬ ጣርማ በር ስር ናዳ መንገዱን ዘግቶታል፤
ኤክስካቫተር ላይ ነኝ፤ መስታወቱን ጉም ልሶታል፣
ያነሳሁት ክንድ የት እንደደረሰ አይታየኝም።
ሞተር አጥፍቼ ወረድኩ። ርቦኛል።

ከኋላዬ ብረቱ ቀጭ፣ ቋ... አለ።
ሲበርድ ነው፤ ብረት ሲበርድ እንዲህ ይላል።
አልዞርኩም።
ወርቅአፈራሁ ቢኖር ይተረጉመው ነበር።