ፊሽካ

ከአቴና በስተምዕራብ፣ ባቡር በሚያልፍበት፣
ሸክላ ሠሪዎች ጥንት፣ ጭቃ ባቦኩበት፣
ሙታን ሰፈር አላቸው፤
አጥር ያጠረላቸው፣
ትኬት የሚቆረጥላቸው።
ከጧት ሁለት ሰዓት፣ እስከ ማታ ሁለት፣
እንግዳ ይቀበላሉ፤ ከዚያ በኋላ ሞት።

ዲያማንቶ ትባላለች፤ ዘበኛ ናት ለሙታን፤
ጥላ እየተከተለች፣ ታዞራለች ወንበሯን።
ልጅ እግሩን ቢያነሣ፣ ከሐውልት ላይ ሊወጣ፣
ሙሽራ ለፎቶ ብላ፣ ልትደገፍ ብትመጣ፣
አንድ ሽማግሌ ጀርመን፣ መነጽሩን አውልቆ፣
የእብነ በረዱን በሬ፣ ሊዳብስ ቢል ሰርቆ፣
ፊው! ትላለች ፊሽካዋ።
ርግብ ይበናል ካጥር፤
ኤሊዋም ትገባለች፣ ከጀርባዋ አገር።

ሐምሌ ነበር፤ ዝናብ የማያውቅ ሐምሌ፤
ውሃዬ ፈልቶ በእጄ፣ ሸሚዜ ተጣብቆ ካካሌ፣
አንድ ድንጋይ ፊት ቆምኩ።

ሴት ተቀምጣ፣ ወንድ ቆሞ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው፤
አንዳቸውም አያለቅሱም፤ ይተያያሉ ዝም ብለው።
ከሁለቱ አንዱ ሞቷል።
የቱ እንደሆነ ግን፣ ስሙ የነበረበት ጥግ ተሸርፏል።
መንገደኛው ማን ይሆን? ሸኚውስ የትኛው?
የተቀመጠችው ናት? ወይስ የቆመው?
አፍንጫዋ ተሰብሯል፤ እጆቹ ግን አሉ፤
ሁለት ሺህ አራት መቶ ዓመት፣
አንዱም "በል እንግዲህ" ሳይል፣ እንደተያያዙ አሉ።

"የሞተው ማነው?" አልኳት።
ፊሽካዋን ካፏ አውጥታ፣
"ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፣ እዚህ ከጠዋት እስከ ማታ።
ፕሮፌሰሮች ይመጣሉ፤ አንዱ እሷ ናት ይላል፤
ሌላው የለም እሱ ነው፤ ምሳ ሲደርስ ይሄዳል።
እኔ ምን አውቄ?
የኔ ትምህርት አንድ ቃል ናት፦ አትንኩ።"

ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ሦስቴ ነፋች፤ ወጡ።
ከኤሪዳኖስ ጭቃ፣ እንቁራሪቶች ተንጫጩ።
እኔ ኮፍያዬን ረስቼ፣ ተመለስኩ ከበሩ፤
ጸሐይ ገና አልጠለቀች፤ ቀይ ነበር አፈሩ።

ዲያማንቶ ብቻዋን፣ ከዚያ ድንጋይ ፊት ቆማለች።
ግራ ቀኝ አየች እንደ ሌባ፤
ፊሽካዋን ወደ ጀርባዋ አዞረች፤
ከሁለቱ እጆች ላይ፣
ሦስተኛ እጅ ደረበች።

"ፓንዴሊ" አለች ቀስ ብላ፤
"ዛሬ ሙቀቱ ገደለኝ።
ያ ቧንቧ እንደገና ያንጠባጥባል፤
ሠራተኛው ነገ ነገ እያለ ቀለደብኝ።
ቲማቲምህ ግን ቀልቷል።"

መነፋት የነበረበት ፊሽካ አልተነፋም።
ዞራ አየችኝ፤ እጇን ግን አላነሣችም።

"በዚህ ከተማ" አለች፣ "መቃብርም ኪራይ ነው፤
ሦስት ዓመት ይሰጡሃል፤ ቦታ የለም፤ ወረፋ ነው።
ሲሞላ ይቆፍራሉ።
አጥንቱን በወይን አጥበው፣ ከቆርቆሮ ሣጥን ከተው፣
ቁጥር ይለጥፋሉ።
የኔ ሰው ቁጥር ሆኗል፤ ከመደርደሪያ ላይ፣ ከጣሪያው ሥር።
ልጨብጠው ብሄድ፣
ቁጥር ምን እጅ አለው?"

ምን ይመለሳል ለዚህ?
ባቡሩ አለፈ ከኋላችን፤ በመስኮቱ ሰው ሁሉ
ስልኩን ያያል።

ኮፍያዬን ከወንበሯ አንሥታ ሰጠችኝ።
"ያ ሱ" አለች፤ በነሱ አፍ፣ ጤና ላንተ ማለት ነው፤
ሲገናኙም ይሉታል፤ ሲለያዩም ያው ነው።
"ጤና ይስጥልኝ" አልኳት እኔም በኔ አፍ፤
እሱም እንዲሁ ነው፤ ለመጣም፣ ለሚያልፍ።

እጄን ዘረጋሁ፤ ጨበጠችኝ፤
መዳፏ የድንጋይ ሙቀት ነበረው።
ቁልፉ ሲዞር ሰማሁ።
ከውስጥ ይሁን ከውጭ የቆምኩት፣
ሜትሮ ጣቢያ እስክደርስ
እርግጠኛ አልነበርኩም።