አራተኛው ወንበር፣ መስኮት ዳር

ጥር ነው፤ ግዳንስክ ላይ በረዶው ጠጥሯል፣
ትራሙ ጥግ ሲዞር እንደኔ ያቃስታል።
አራተኛው ወንበር፣ መስኮት ዳር ያለው፣
ስሜ ባይጻፍበት የኔ ነው የምለው፤
እጄን እንደ ሰው ዕቃ ትራስ ላይ አኖርኩት፣
ደም ሥር እስኪያገኙ ዓይኔን ወዲያ ጣልኩት።
ነርሱ ኢሬኔውሽ «ይቆነጥጥሻል»
ይለኛል ሁልጊዜ፤ መርፌው ግን ይነክሳል።

ሠላሳ አንድ ዓመት አምበር ነው ያሸሁት፣
ባሕር የተፋውን ሙጫ ነው ያበራሁት፣
በጨርቅ፣ በጠመኔ፣ በትንፋሽ፣ በትዕግሥት፣
ዓይኔን አጥብቤ ከመብራቱ ፊት፤
ውስጡ እስኪታይ ድረስ የትንኟ ክንፏ፣
የዛሬ አርባ ሚሊዮን ዓመት ስሕተቷ፣
አንዲት ጠብታ ላይ አርፋ መቅረቷ።

ከዚያ አንድ ማለዳ፣ በኅዳር መባቻ፣
የሸሚዜ ቁልፍ ሆነብኝ ዘመቻ።
ቀለበቴ ወጣ፤ በሳሙና አይደለም፣ በመጋዝ፤
ባለቤቴ ከሞተ እሱ ነበር የቀረኝ ጓዝ።

ዶክተር ጋብሪሽ ወረቀት አውጥታ ክብ ሣለች፣
«ይሄ ቢ ሴል ይባላል፣ ዘብሽ ነው» አለች፤
«የጠላትን መልክ በደምሽ የሚያስፋፋ፣
መሣሪያ የሚያድል፣ የማያንቀላፋ።
አሁን ግን ተሳስቶ የገዛ ቤትሽን
ከበበው፤ ይመታል መገጣጠሚያሽን።»
«ለምን?» ብዬ ጠየቅኩ። ብዕሯን አስቀምጣ
«እኔም አላውቅም» አለች፣ ሳታፍር፣ ሳትቆጣ።
ለዚያ ቃሏ ነው ያመንኳት።

እናንተ ዘቦቼ፣ እስቲ እንነጋገር፤
ስድስት ሰዓት አለን፣ ብዙ ነው ለነገር።
በልጅነቴ ኩፍኝን ያባረራችሁ፣
የወደቡን ሳል፣ የዝገቱን ቁስል፣
አንድም ቀን አላመሰገንኳችሁ፤
ቅር ብሏችሁ ነው? ለዚህ ነው ቂማችሁ?
ምን አጠፋ ብላችሁ በዚህ አውራ ጣት ላይ
መዝገብ ከፈታችሁ?
ዶሮ ጭራ ጭራ ካራዋን አወጣች፤
እናንተም ጫራችሁ፣
ይኸው በቱቦ ውስጥ ካራው መጣላችሁ።

ግማሹ ከአይጥ ነው፣ ግማሹ ከሰው ዘር፤
የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ፦
ኮታችሁ ላይ የተሰፋች፣
ቁጥር ሃያ የምትባል ቁልፍ።
እሷን ያየበትን አይምርም፣
ይሄ ጥፋተኛ፣ ያ ንጹሕ ነው አይልም።
እኔም ፈርጃለሁ፤ ፊርማዬ አለበት፣
በጠማማ ጣቴ የጻፍኩት ወረቀት።
(ክትባቶቼን ቀድመን ጨርሰናል።
ተማሪ በሌለበት፣ ትላለች ዶክተሯ፣
መምህር መላክ ለምን ይጠቅማል?)

ሦስተኛው ወንበር ላይ ቴዎፊል ያንኮራፋል፣
የማሳከኩ ክኒን ካፒቴኑን ጥሎታል፤
የሱ ዘቦች የከበቡት ኩላሊቱን ነው።
ሚስቱ አጠገቡ ሹራብ ትሠራለች፣
አንዱን እጅጌ ከጠዋት ጀምሮ
ሦስት ጊዜ ሠርታ ሦስት ጊዜ ፈታች።

ግን አሮጌዎቹ፣ መቅኔ ውስጥ የገቡ፣
ቁልፉን አውልቀው የተሰበሰቡ፣
ካራው አያያቸውም። እንደ ትንኟ
ሙጫቸው ውስጥ ሆነው ኩፍኙን ያስታውሳሉ፤
ምናልባት የኔንም ጣት።
ዶክተር ጋብሪሽ እዚህ ላይ ስትደርስ
መነጽሯን መጥረግ ታበዛለች።

በሰኔ፣ ወይ በመስከረም፣ ሌሎች ይወለዳሉ፤
ኮታቸው አዲስ፣ ቁልፋቸው የሚያበራ፣
ገና ምንም ያላዩ።
እነሱን ማን ያስተምራል? እኔ ቋንቋቸውን አላውቅም።
እባካችሁ፣ ከመሄዳችሁ በፊት፣
አጥንቴ ግድግዳ ላይ በከሰልም ቢሆን
አንድ መስመር ጻፉላቸው፦
«ይሄ እጅ ነው። የቤት ነው።»

ኢሬኔውሽ መጣ፣ ግፊቴን ለክቶ
ጠብታውን አፈጠነ።
«ጉሮሮሽን ያሳክክሻል?»
የለም።
«ሌላ የሚበላሽ ነገር?»
እጄን፣ አልኩት። እጄን ይበላኛል፤
ጠረጴዛዬ ላይ ያልተሞረደ አለ።